ከባዶው አዳራሽ የተደወለ ጥያቄ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ የጂንና የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ሻዬን ይዤ ከክፍል የምወጣ ሴት ነኝ፣ ሪያድ፣ ሺፋ የሚባል ሰፈር በነበረው የሠራተኞች ቤታችን ሴቶቹ ሌሊት «ሽንት ቤት ውስጥ የሚያቃስት አለ» ብለው ተቃቅፈው ሲንቀጠቀጡ፣ ተነስቼ ቧንቧውን አጥብቄ ዘግቼ ተመልሼ የተኛሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእኔ አፍ የጂን ተረት አትጠብቁ። ያየሁትን ግን አየሁ፣ ምን ላድርግ።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ውስጥ ሪያድ ላይ ነው፣ አንድ የሴቶች ኮሌጅ ጽዳት ነበርኩ። እዚያ ያኔ ሴት ተማሪና ወንድ አስተማሪ አንድ ክፍል አይቀመጡም፣ ዶክተሩ (የኮሌጅ አስተማሪ ሁሉ ዶክተር ነው የሚባለው) በወንዶቹ ሕንጻ ካሜራ ፊት ቆሞ ያስተምራል፣ ልጆቹ በራሳቸው አዳራሽ በቴሌቪዥን ያዩታል፣ ጥያቄ ያላት ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ስልክ ስታነሳ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይጠራል። እነሱ ያዩታል፣ እሱ አያያቸውም። አዳራሹ ሙሉ ይሁን ባዶ በምን ያውቃል።

እኔ እዚያ ዘይነብ ነበርኩ። ፓስፖርቴም ኢቃማዬም፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴም፣ ዘይነብ ሙሐመድ ነው የሚለው፣ በክርስቲያን ስም ቪዛ ማግኘት ጣጣ ነው ብሎ ደላላው የቀየረልኝ ነው፣ ስንቶቻችን እንደዚያ ሆነን እንደሄድን የሄደ ያውቀዋል። እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም ሙሉነሽ ታደሰ ነው። ይህን ስም አራት ዓመት ሙሉ ሪያድ ውስጥ ከአፌ አላወጣሁትም፣ ከታወቀ ወረቀቴ ሐሰት ነው ማለት ነው፣ ቀጥታ ተርሂል፣ ማለት የስደተኛ እስር ቤት፣ ገብቼ መጠረዝ ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ የእኔን እጅ የሚያዩ እናትና ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሉኝ። ወሎዬዋ ከድጃ፣ አልጋችን ጎን ለጎን የነበረ ጓደኛዬ፣ ክርስቲያን መሆኔን ደርሳበታለች፣ ግን «ስምሽን አትንገሪኝ እህቴ፣ ካላወቅኩ አልዋሽም» ነው ያለችኝ። እሷም አታውቀውም።

አሁን ደግሞ የማይጠረጠረውን ልንገራችሁ፣ እኔ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ እማር ነበር። ያስወጣኝ የስብስብ ትምህርት ነው። አስተማሪው «ባዶ ስብስብ የማንኛውም ስብስብ ንዑስ ስብስብ ነው» ብሎ በሁለት መስመር አረጋግጦ ሰሌዳውን አጠፋው፣ እኔ አልገባኝም፣ በደብተሬ ጥግ «ማንም በሌለበት ስለ ሁሉም እንዴት ይነገራል?» ብዬ ጻፍኩና እጄን ላወጣ ስል፣ ከኋላ ያሉት ወንዶች ይስቁብኛል ብዬ ተውኩት። በቃ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ በዚያ ላይ የተሠራ ነው፣ አንዱም አልገባኝ አለ፣ ጥያቄዎቼን በደብተሬ ጥግ ስደረድር ከርሜ ወደቅኩ፣ ተባረርኩ፣ ከዚያ ደላላ፣ ከዚያ ሪያድ፣ ከዚያ መወልወያ። አንዳንዴ ሳስበው ዕድሜዬን የበላችው ያቺ ያልወጣች እጅ ናት።

እና ታዲያ እግዜር ሲያሾፍብኝ የማጸዳው አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው ያው ትምህርት ሆነ። ልጆቹ ሲሰቃዩ አያለሁ። ማረጋገጫ ሲባሉ ክብ ይሥላሉ፣ ክብ በክብ ውስጥ ሥለው «ይኸው ይታያል» ይላሉ፣ ሥዕል ማረጋገጫ አይሆንም ሲባሉ ያለቅሳሉ። ሰሌዳቸውን ከማጥፋቴ በፊት የተሳሳቱት መስመር ጎን ትንሽ ነጥብ አደርግ ነበር፣ ሞኝነት ነው፣ ግን እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ኑራ የምትባል ልጅ ያዘችኝ። ኑራ ትምህርቱን ባለፈው ዓመት ወድቃ የምትደግም ልጅ ናት፣ አሁን ከወደቀች ከኮሌጁ ትወጣለች። ሻይ ክፍል ተከትላኝ መጥታ አስረጂኝ አለች፣ እኔም ሒሳብ የት አውቄ፣ እኔ መጥረግ ነው የማውቀው ብዬ ዘጋኋት፣ ምክንያቱም ሒሳብ የምታውቅ ጽዳት ማናት፣ ከየት መጣች ብለው መቆፈር ከጀመሩ የሚወጣው ሙሉነሽ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ዝናብ ጣለ። ሪያድ ዝናብ አታውቅም፣ ሲመጣባት ደግሞ መላው ይጠፋታል፣ መንገዱ ሁሉ ወንዝ ሆነ፣ የልጆቹ አውቶቡሶች አልመጡም፣ የክፍሉ ኃላፊ አብላ ፈውዚያም አልመጣችም። እኛን የኩባንያው መኪና ገና ሳይነጋ አድርሶን ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ምድር ቤት የገባውን ውሃ ሲጠርጉ እኔ ፎቁን ያዝኩ፣ አዳራሹን በቁልፌ ከፈትኩ፣ ሰሌዳውን አጠፋሁ፣ የስልኩን ጠረጴዛም ስልኩንም በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩ። የበረኪናውን ባልዲ ገና አልነካሁትም፣ ይህችን ያዙልኝ።

ወዲያው ቴሌቪዥኑ ላይ ዶክተሩ ብቅ አለ። ለካ ማንም አልነገረውም። ለሠላሳ ምናምን ባዶ ወንበር «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲል እውነቴን ነው ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ። ስልኩን አንስቼ ማንም የለም ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት፣ ግን ያንን ስልክ የነካች ጽዳት ኸላስ፣ ሥራዋ አበቃ። ቆሜ ማየት ጀመርኩ።

ጥቂት እንዳስተማረ የእሱ ስልክ ሲጠራ በቴሌቪዥኑ ተሰማኝ። አነሳው። «ነዓም፣ ቀጥይ» አለ፣ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የእኛን ስልክ አየሁት፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ ማንም አላነሳውም። ከቢሮ ደውለውለት ይሆናል አልኩ፣ ወይም ሚስቱ ናት አልኩ፣ እንዲህ ነው እኔ፣ ለሁሉም ነገር ቧንቧ አላጣለትም። እሱ ግን ሌሎቹ እንዲሰሙት ጥያቄ መድገም ልማዱ ነው፣ ወደ ካሜራው ዞረ።

«እህታችን የምትጠይቀው፣ ማንም በሌለበት ስለ ሁሉም እንዴት ይነገራል ነው» አለ።

ቁጭ አልኩ፣ ተማሪ ወንበር ላይ። በዐረብኛ ይበለው እንጂ ቃል በቃል የእኔ ነው። ሰውዬው ሲመልስ ደግሞ፣ «ይህ አዳራሽ ባዶ ነው እንበል» አለ፣ «እኔም በአዳራሹ ያለች ተማሪ ሁሉ ገብቷታል ብዬ ብናገር ውሸታም ነኝ? ውሸታም ለማለት ያልገባትን አንዲት ተማሪ ከዚያ ውስጥ አውጥታችሁ ማሳየት አለባችሁ። ማንን ታሳያላችሁ? ማንም የለም። ስለዚህ እውነቴን ነው። ባዶ ስብስብም እንዲሁ ነው፣ ከሌላው ስብስብ ውጭ የሆነ አባል አምጡ ብትባሉ የምታመጡት የለም።»

ገባኝ። ስንት ዓመት ያልገባኝ ነገር እዚያው፣ ለብቻዬ ተቀምጬ፣ ገባኝ። ደስ ይበለኝ ወይ ልሩጥ አላውቅም።

ስልኩ ደግሞ ጠራ። ደግሞ ጠራ። እያንዳንዱ ጥያቄ በተራው ከዚያ ከደብተሬ ጥግ ነው፣ እመኑኝ፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተዛነፈም፣ ያ ደብተር ደግሞ ከወደቅኩ በኋላ እናቴ ቤት ምድጃ ውስጥ በገዛ እጄ የከተትኩት ነው። በመጨረሻ ሰውዬው ተደስቶ፣ ማርክ ልይዝልሽ ስምሽን ንገሪኝ አለ። እስክሪብቶ አነሳ። አልያዝ አለው፣ ደጋግሞ ጠየቀ፣ ከዚያ በዐረብኛ ፊደል እየጻፈ በአፉ ቆጠረው። ሚም። ላም። ዋው። ኑን። ሺን። «ሙሉነሽ» አለ። «ሙሉነሽ ታደሰ። ባረከላሁ ፊኪ።»

ሥርጭቱ ተቋርጦ የቴሌቪዥኑ መስኮት ሰማያዊ ሲሆን እንደምንም ተነስቼ ስልኩን ነካሁት። እጀታው ላይ እርጥብ የጣት ዱካ ነበር፣ በረኪና በረኪና ይሸታል።

ማታ ለከድጃ ስሙን ሳላወጣ ነገርኳት። አልሳቀችም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ አንቺ ለደላላ ሰጠሽው፣ የተጣለ ነገር ደግሞ የሚያነሳው አያጣም» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝና ቁርኣኗን ስትቀራ አመሸች።

በማግስቱ ልጆቹ ሲመጡ ኑራን ሻይ ክፍል ጠርቼ የባዶውን አዳራሽ ነገር አስረዳኋት። ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቁኝ፣ ለራሴ ካልያዝኩት ለሰው ልስጠው ብዬ ይሆናል። ልጅቷ ዓይኗ በራ፣ ገና አንዴ ድገሚልኝ ስትለኝ ግን አብላ ፈውዚያ አንድ ወረቀት ይዛ ገባች። ዶክተሩ የላከው የማርክ ወረቀት ነው። አብላ በዝናቡ ቀን ማንም እንዳልመጣ ታውቃለች፣ የአዳራሹ ቁልፍ በእኔ እጅ እንደነበርም ታውቃለች። ጣቷን ስሙ ላይ አደረገች።

«ይህ የእናንተ አገር ስም ይመስላል» አለችኝ። «ታውቂያታለሽ?»

ኑራ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። እኔ ተርሂል ታየኝ፣ እናቴ ታየችኝ፣ ወንድሞቼ ታዩኝ።

«አላውቃትም» አልኩ። «ወላሂ አላውቃትም።»

ጴጥሮስ እንኳ የካደው ጌታውን ነው፣ እኔ ራሴን ካድኩ። አብላ ትንሽ አየችኝና ዶክተሩ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ ስሙን ሰረዘችው። ስሙ ሲሰረዝ የተሰማኝን አልነግራችሁም፣ መናገርም አልችልበትም።

በሚቀጥለው ትምህርት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እኔ በር ላይ ከባልዲዬ ጋር ቆሜ፣ ዶክተሩ እጁን ስልኩ ላይ አድርጎ «ሙሉነሽ ዛሬ ጥያቄ የላትም?» አለ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱ ጠበቀ፣ ብዙ ጠበቀ፣ ፊቱ ላይ እንደ መከፋት ያለ ነገር መጣ። ኑራ ዞራ አየችኝ። እኔ ባልዲውን አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን አንስቶ አያውቅም፣ የደወለችውም አልደወለችም።

ኑራ አለፈች። ያቺው ጥያቄ ፈተና ላይ መጥታላት ባዶውን አዳራሽ ጽፋ አለፈች፣ ልትሰናበተኝ መጥታም በጆሮዬ «ስለጠየቅሽልኝ ሹክረን» አለችኝ። እኔ አይደለሁም ብዬ ማልኩ፣ አሁን እውነቴን ነው የማልኩት፣ እሷ ግን ምስጢር እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብላ ሄደች። አንዳንድ ቀን እኔው አንስቼው ይሆን እላለሁ፣ ግን አላነሳሁም። ተቀምጬ ነበር። ሳዳምጥ ነበር።

አሁን አገሬ ነኝ፣ ስሜም ተመልሶልኛል፣ መታወቂያዬ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ግን ቀበሌም ሆነ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ሳለሁ «ሙሉነሽ ታደሰ» ተብሎ ሲጠራ ወዲያው አልነሳም። ቀድማኝ አቤት የምትል ካለች ብዬ ትንሽ እጠብቃለሁ።