ከሁለቱ ትሪዎች አንዱ

ትሪው የለም።

የክሊኒኩ ሠራተኛ ጉዲሳ ቁም ሳጥኑን እንደ ከፈተ ቀረ። ላይኛው መደርደሪያ ባዶ ነው። የታችኛውን ትሪ ግን ማንም አልነካውም።

ሳጅን ሶሬቲ ስትደርስ ነገሌን አቧራ ሸፍኗት ነበር። የክሊኒኩ የጓሮ ቆርቆሮ ያለ ዕረፍት ይንኳኳል።

«አካም፣ ጉዲሳ። ከውሻ በቀር አጥንት የሚሰርቅ ማን ነው?»

«ናጋ፣ ሳጅን። ይሄን ውሻም አይፈልገውም።» ከታችኛው ትሪ አንድ ቁራጭ መዳፏ ላይ አኖረላት። ጠመኔ ይመስላል። «ቄራ የሚጥለውን አጥንት ቀቅለን፣ ስቡን አውጥተን፣ እስኪነጣ እናቃጥለዋለን። ሐኪሙ በተሰበረው አጥንት መሃል ይሞላዋል፤ የሰውየው አጥንት በላዩ ያድጋል።»

«የጠፋው ለማን ነበር?»

«ለሃምሳ አለቃ እንዳሻው። ጥይት የሰበረው ቅልጥሙ አልገጥም ብሎታል። ሐኪሙ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ነገ ይሄዳል። ዛሬ ካልተሠራለት እግሩ መቆረጡ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«የግመል ነው፣ ለአንድ የፊልቱ ሰው። እንዳሻው ክርስቲያን ስለሆነ የበሬ ነበር ያዘጋጀሁለት።»

ዘበኛው ሁቃ ተጠራ። ሱሪው በነጭ ዱቄት ተለውሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኖራ! ግንቡን እየቀባሁ እኮ ነው። ሂጂና ንኪው፣ ገና አልደረቀም።»

ነካችው። እውነቱን ነው።

«ቁልፉስ?»

«የዘበኛ ቤቱ በር ላይ ሚስማር አለ። እዚያ መሰቀሉን የማያውቅ የለም።»

«ስለ አጥንቱ ለማን አወራህ?»

ሁቃ ሳቁ አመለጠው። «እንዳሻው ላይ ቀለድኩ። ‹ግመልህ ላይኛው መደርደሪያ ላይ እየጠበቀህ ነው፤ ከገባልህ ውሃ ሳትጠጣ ፊልቱ ትደርሳለህ› አልኩት።»

«ማን ሰማህ?»

«ክፍሉ በሙሉ። በሽተኛው፣ አስታማሚው…»

ሶሬቲ ወደ ጉዲሳ ዞረች። «ግመሉ ከላይ ነበር እንዴ?»

«ሁልጊዜ ከላይ ነው። ትናንት ግን መደርደሪያው ሲወዛወዝብኝ ከባዱን የግመሉን ትሪ ወደ ታች አወረድኩት፤ የበሬውን ላይ አደረግኩት።»

ሊሸጥ የፈለገ ሁለቱንም ይወስድ ነበር። ጉዲሳን የጠላም ሁለቱንም ይደፋ ነበር። ይሄኛው ሌባ ግን መርጧል። የመረጠው ደግሞ ግመሉን ነው፤ እንደ መሰለው።

በሽተኞቹ ክፍል ገብታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ሃምሳ አለቃ፣ አይዞዎት! የተሰረቀው የበሬው ነው። ግመሉ አለልዎት።»

አልጋው ጎን አንድ ኩባያ ወደቀ።

«ውሸት ነው! ግመሉን እኮ እኔ ራሴ…»

የእንዳሻው ሚስት አባይነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቃሉ ግን አምልጧት ነበር።

«የት አደረጉት፣ እትዬ?»

«ሽንት ቤት ጨመርኩት።» ማልቀስ ጀመረች። «በቁርባን ነው የተጋባነው። ግመል ሥጋው ውስጥ ገብቶ እንዴት ደጀ ሰላም ይረግጣል? ነገ ሲሞት ማን ይፈታዋል?»

ጉዲሳ በሩን ተደገፈ። «የበሬውን ነው የጣልሽው። እኔ እኮ ለዚሁ ብዬ ነበር…»

አባይነሽ ወደ ባሏ እግር አየች። ከዚያ በኋላ ማንንም ማየት አቃታት።

እንዳሻው በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«አባይነሽ፣ ፊልቱ ምሽግ በነበርኩ ጊዜ በየደብዳቤው ‹ወተት ጠግቤያለሁ› እልሽ አልነበር? እዚያ በረሃ ላም ከየት የመጣች መሰለሽ?»

ከጥግ በኩል አንዱ በሽተኛ ሳቀ፤ ወዲያው በሳል ሸፈነው።

«የግመል ወተት ጠጣህ?»

«ጠጣሁ። ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ፣ ላንቺ መንገሩን ነው የፈራሁት።» ወደ ጉዲሳ ዞረ። «የፊልቱው ሰው ይታገሳል?»

«ተራው ገና ነው። ሌላ አቃጥልለታለሁ።»

«እንግዲያው ግመሉን አምጣው።» ከዚያ ለሶሬቲ፦ «ሳጅን፣ ሚስቴን ከመውሰድሽ በፊት አልጋዬን ትግፋልኝ።»

ሶሬቲ ከበሩ ፈቀቅ አለች። አባይነሽ እንባዋን ሳትጠርግ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል መግፋት ጀመረች።