የቢጫው ጀሪካን ሦስት ምት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ጥላ አየን፣ ድምፅ ሰማን የሚሉ ሴቶችን ሥራ ፈቶች ብዬ የተቆጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ትምህርቴም ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ አሳምሬ ልጽፈው አልችልም፣ ግን የምነግራችሁ ያየሁትን ነው፣ ጨምሬ ከሆነ እግዚአብሔር ይየኝ።

እዚህ ጅቡቲ ካርቲየ አራት የሚሉት ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍልና ትንሽ ግቢ ተከራይቼ ከልጄ ከሊዲያ ጋር ነው የምኖረው፣ ጠዋት ጠዋት ፈረንሳዮች ቤት ልብስ አጥባለሁ፣ ሊዲያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በእኛ በአበሾቹ የጸሎት ኅብረት የመዝሙር ቡድን፣ ኳየሩ ውስጥ ትዘምራለች። አምና ታምራት የሚባል ሰው ወደ የመን ሊሻገር መጣ፣ ሠላሳውን ያለፈ፣ ከሲታ፣ መዝሙር የሚደርስ ሰው ነው፣ ጀልባ እስኪገኝለት ድረስ ሁለት ሳምንት እኛው ግቢ አደረ።

ይሄ ሰው ወረቀት አይወድም፣ የተጻፈ መዝሙር ይደርቃል ይላል። ባዶውን ቢጫ የውሃ ጀሪካናችንን እግሩ መሀል አድርጎ እየመታ አንድ አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ያወጣውን ለሊዲያ በቃሏ ያስይዛታል፣ ስትሳሳት ደግሞ አይናገራትም፣ ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ከመጀመሪያው ድገሚ ማለቱ ነው። ስታፈጥነው ብቻ “አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ እያስገባሽ ነው እንዴ?” ይላታል፣ እኛም እንስቃለን።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ “እትዬ አስካለ፣ መጨረሻው አራት ስንኝ አልመጣልኝም። ሳያልቅ ጉባኤ ፊት እንዳይዘመር። አራቱ ሲሞሉ እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ።” እሺ አልኩ። ጀልባው ወደሚነሳበት ወደ ኦቦክ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ፣ አንዲት ጀልባ ተገለበጠች ሲባል ሰማን፣ እሱ ይኑርባት አይኑርባት የነገረን የለም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ኳየሩ ሲዲ ሊያስቀርጽ ሲዘጋጅ ሊዲያ ያንን መዝሙር አንጎራጎረችው፣ የኳየሩ መሪ ወንድም ዮናስ ሰምቶ ከማን ተቀበልሽው ብሎ ጠየቃት፣ ይሄ የእኛ ወግ ነው፣ መዝሙሩ ከእግዚአብሔር የተሰጠው ሰው ሳይታወቅ አይዘመርም። ልጄ አፏን ስትከፍት ቀደምኳትና ለራሷ ነው የተሰጣት አልኩ። የሠራተኛ ልጅ እያሉ ከኋላ ስለሚያቆሟት ነው፣ ስሟ ሽፋኑ ላይ ይውጣልኝ ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። የጎደለውን አራት ስንኝ ዮናስ ራሱ ሞላው፣ ጸሎት ተደርጎላት ተቀረጸ፣ ስሟም ወጣ።

ነገሩ የደረሰው በሐምሌ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከተማው ጫቱን ይዞ በሩን የሚዘጋበት ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን በቆርቆሮው ላይ እየደፋው። እኔ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብያለሁ፣ ሊዲያ ልብስ እያጠፈች ያንን መዝሙር ትዘምራለች፣ ከስር ምት ይሰማል፣ ዱም፣ ዱም፣ ጎረቤት ነው አልኩ። የዮናስን ስንኝ ስትጀምር ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተመታ።

ልጄ አቆመች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። እዚያው ስትደርስ አሁንም ሦስት። ቀና ብዬ አየሁ፣ ድምፁ የሚመጣው ጥግ ካለው ጀሪካን ነው፣ እመኑኝ፣ ጠዋት በእጄ እስከ አፉ የሞላሁት ጀሪካን ነው፣ ሙሉ ጀሪካን ደግሞ እንደዚያ አይጮህም፣ ሞክሩት። ስድስቴ ይሁን ሰባቴ ደገመችው፣ ድምጿ ሻከረ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ምቱ እየበረታ፣ እየተቆጣ ሄደ፣ እንደ ማስተማር ሳይሆን እንደ መደብደብ።

በቃ ተይው አልኳት፣ አላየችኝም። ተነስቼ እጄን ጀሪካኑ ላይ ጫንኩ፣ የታሰረ በግ ጎን ይመስል ከመዳፌ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ክዳኑ ረጥቧል፣ ጣቴን ላስኩት። የጅቡቲ ቧንቧ ድሮም ጨው ጨው ይላል፣ አውቃለሁ፣ ይሄ ግን የባሕር ነበር።

“ታምራት፣ እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ የምታደርገውን እኔን አድርገኝ” አልኩ።

ምቱ ቆመ። ልጄ በዚያ በሻከረ ድምፅ፣ ፊቷን ወደ ጥጉ እንዳዞረች፣ “ዝም በይ እማ፣ እየቆጠረልኝ ነው” አለችኝ። ከዚያ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ስትነቃ ምንም አታስታውስም። ለዮናስ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ፣ ተቆጣኝ፣ ጸለየልን፣ በሚቀጥለው ሲዲ ስሙ ይስተካከላል አለ፣ የወጣውን ግን ማን ይሰበስበዋል። ጀሪካኑንም ራስ ዲካ ድረስ ተሸክሜ ባሕር ዳር ጥዬው መጣሁ። አበቃ ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር ሊዲያ ሰሃን እያጠበች ሰምቼው የማላውቀው ስንኝ ስታንጎራጉር ደረስኩባት፦

ከባሕር ሥር ሆኜ ስምህን ስጠራ፣

ከየት አመጣሽው ብላት እንዳንጎራጎረችም አታውቅም። በሳምንቱ ሌላ መጣ፦

ቃሌ መሬት ቀረ ከሌላ ሰው ጋራ፣

አፏን በእጄ ያዝኩት፣ ልጄ ደንግጣ አለቀሰች። ትናንት ደግሞ ፀጉሯን እየሠራሁላት ሦስተኛው ወጣ፦

እንግዲህ ፍረድልኝ፣ አንተ ነህ ዳኛዬ፣

አራቱ ሲሞሉ እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ ነበር ያለኝ፣ መዝሙሩ ያለው ደግሞ ልጄ ውስጥ ነው። አሁን ሥራ መሄድ ትቻለሁ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ከንፈሯን አያለሁ፣ ስታዛጋ እንኳ እጄን ወደ አፏ እሰዳለሁ፣ እሷ ትስቅብኛለች። አንድ ስንኝ ነው የቀረው።