ጀሶው ላይ የወጣው እጅ

እኔ ጂኒ፣ ቆሌ፣ ዛር የሚባል ነገር ሲወራ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ሥራዬም ያው ያረጁ ሕንፃዎችን መመርመር ነው፣ ግድግዳው አቃሰተ ሲሉኝ ውሃ ገብቶበት ነው፣ ጣሪያው ላይ ተራመዱ ሲሉኝ አይጥ ነው ብዬ ወደ ምሳዬ የምሄድ። እመኑኝ፣ ፈሪ አይደለሁም፣ አልነበርኩም ልበል እንጂ።

ቆቦ መሀል ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ባለ አንድ ፎቅ የድሮ የድንጋይ ንግድ ቤት አለ። ባለቤቱ ደሴ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ «ይፍረስ ወይስ ይጠገን፣ አይተህ ንገረኝ» ብለው እኔን ከምኖርበት ከወልዲያ ላኩኝ። ፎቁ ባዶ ነው፣ ታች ግን እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ልብስ ሰፊ አሉ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ክፍል ነው፣ ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ደግሞ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሲያጋጥመን ጀሶ በጥብጠን እላዩ ላይ እንለጥፋለን፣ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ከሆነ ጀሶው ይሰነጠቃል፣ ከቆመ ግን ደህና ይቆያል። ለጠፍኩና «እትዬ ዘሐራ፣ ተመልሼ ስመጣ ጀሶው ከተሰነጠቀ ይወጣሉ፣ ካልተሰነጠቀ ግን ማንም አያስወጣዎትም» አልኳቸው። «ቃልህ ነው?» አሉኝ። «ቃሌ ነው» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ከሳምንታት በኋላ ተመለስኩ። ቀትር ነበር፣ የቆቦን ቀትር ታውቁታላችሁ፣ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም፣ መንገዱ ጭር ብሏል። እትዬ ዘሐራ «ዙሁር ሰግጄ ልምጣ፣ ቤቱን ጠብቅልኝ» ብለው ወጡ። ጀሶውን አየሁት፣ በእጄም ዳሰስኩት፣ ልሙጥ፣ ደረቅ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም። እሰይ፣ ተረፉ ብዬ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ እንደ ልማዴ ልስኑን በትንሿ መዶሻ መታ አደረግኩ፣ ከድንጋዩ የለቀቀበት ቦታ ድምፁ ባዶ ስለሆነ በጆሮ ይለያል። ኳ፣ አለ ከወዲያ። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ሁለቴ መታሁ። ኳ ኳ ኳ፣ አለ። ልብ በሉ፣ ማሚቶ አይጨምርም! የሚቀልድብኝ ሰው መስሎኝ «ማነህ አንተ?» ብዬ ጮህኩ። ተናድጄ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፣ ከግድግዳው ጀርባ አዲስ ፎቅ ተጠግቶ ተሠርቷል፣ መሀላቸው ድመት እንኳ የማታልፍበት ክፍተት ነው። በስልኬ መብራት እስከ ታች አየሁት፣ አቧራና አንድ ፌስታል ብቻ። እያየሁት፣ ኳ አለ! ጉድ በሉ!

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ ስገባ፣ ወገኖቼ፣ ጀሶው ላይ እጅ ወጥቷል። ሰው ተጭኖት የጎደጎደ አሻራ አይምሰላችሁ፣ ከውስጥ ወደ እኔ የተገፋ ነው፣ መዳፉ ከነአምስት ጣቱ ጉብ ብሏል። ጀሶ ደግሞ አንዴ ከደረቀ እንደ ሸክላ ነው፣ ይሰበራል እንጂ አይለጠጥም። ይሄ ግን አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። መዶሻው ከእጄ ወደቀ፣ ማተቤን ጨብጬ «በስመ አብ» ስል እትዬ ዘሐራ በር ላይ ደረሱ።

«ያ ረቢ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ይውጡ! አሁኑኑ ይውጡ!»

«ተሰንጥቋል?»

«አልተሰነጠቀም፣ ግን...»

«ቃልህስ ታዲያ?» ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግን የስፌት መኪናቸውን አቅፈው አልነቃነቅ አሉ። «ወጥቼ የት ልግባ? አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ፣ ይሄ እጅ እየደገፈልኝ ነው እየገፋብኝ?»

ደሴ ደውዬ ለባለቤቱ «ሴትዮዋ ይልቀቁ» አልኳቸው፣ «ጀሶው ተሰነጠቀ እንዴ?» አሉኝ፣ የለም ስላቸው ሳቁብኝ፣ እጅ አየሁ ልበል? ስልኩን ዘግቼ ወደ ወልዲያ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፣ እትዬ ዘሐራ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሁለተኛው እጅም ወጣ» አሉኝ።

«ጀሶውስ?»

«አልተሰነጠቀም።»

«በእናትዎ ይውጡ!» ብዬ ለመንኳቸው። «የሙሽራ ቀሚስ ይዣለሁ፣ ጨርሼ ካላስረከብኩ ይጣሉኛል፣ አብሽር» ብለው ዘጉት።

ይህን የምጽፍላችሁ ወደ ቆቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ጎብዬን አልፈን ሮቢት ላይ ቆመናል፣ ሾፌሩ ሰው ካልሞላ አልንቀሳቀስም ብሎ ሻይ ይጠጣል። ይገፋል እንዳልል ግድግዳው እንደቆመ ነው። እየደገፈ ከሆነ ደግሞ፣ እስከ ትናንት በአንድ እጁ ይዞት የኖረውን ግድግዳ ዛሬ በሁለት እጁ የያዘው ምን ከብዶት ነው?