ጨው የቀመሰች ጽጌረዳ

ወይዘሮ ለተብርሃን ያረፉት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሰኞ በአውራጃው አስተዳዳሪ ፊት ቆመው ሊመሰክሩ ቀጠሮ ነበራቸው።

ከሚዛን ተፈሪ የተላከው መርማሪ መቶ አለቃ ሸዋንግዛው ቴፒ ሲደርስ አስከሬኑ በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ነበር። ከንፈራቸውና ምላሳቸው እሳት የላሰው ይመስል ተላልጧል። ድሬሰሩ፣ ሐሙስ ማታ በአፋቸው የገባ መርዝ ውስጣቸውን አቃጥሎ እንደጨረሳቸው ነገረው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ዓባይነህ በሟቿ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

«ገዳይዋ ተይዛለች» አለ። «ጎረቤቲቱ ሀጂራ ናት። ወባ ይዟቸው ተኝተው ሳሉ ሾርባ ነው ብላ መርዝ አጠጣቻቸው። ለስድስት ሰዓት መኪና አዝዣለሁ፤ ወህኒ ትወርዳለች።»

«አንተስ ጠይቀሃቸው ነበር?»

«ጊዜ የት አለኝ ብለህ! ይህን በር ከረገጥኩ ወር አልፎኛል። አርብ ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ ነው መጥቼ ቤቱንም ማጀቱንም የቆለፍኩት። ቁልፉ ከእጄ አልወጣም። ና፣ ማስረጃውን ላሳይህ።»

መስኮቱ ሥር አንዲት ጽጌረዳ ተጠብሳ ቆማለች። ግንዷ ሥር የምስር ክክ ተበትኗል። አሮጊቷ ከማጀት የተረፈውን ሁሉ ለተክል እንደሚያበሉ አገር ያውቃል፤ የሾርባውን ትራፊ እዚህ ደፉት፤ ተክሉም እንደ ባለቤቱ ተቃጠለ ሲል ዓባይነህ አስረዳ።

መቶ አለቃው በውስጡ ተናደደ። ሟች ሳይቀበር የእስረኛ መኪና የሚያዝ ሰው አይወድም።

ጓሮውን ዞረ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸውና በየጣሳው ላይ በኖራ ጽፈዋል፤ የቡና አተላ ለጽጌረዳ፣ የእንቁላል ቅርፊት ለቲማቲም፣ የወተት ዕቃ እጣቢ ለዱባ፣ ጣፋጭ ነገር ለሙዝ።

ሀጂራ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ታስራ አገኛት። አላለቀሰችም። ዓይኗ ደም መስሎ ቀጥ ብላ አየችው። አንድ ልጇን ጀይላንን በሊቀመንበሩ እህት ልጅ ምትክ ለውትድርና እንደወሰዱባት፣ እትዬ ለተብርሃን አስተማሪው ነበሩና ዕድሜው ዐሥራ ስድስት መሆኑን ቤታቸው ባስቀመጡት የትምህርት ቤት መዝገብ ሊያስረዱላት እንደነበር ነገረችው። እሳቸውን ገድላ ማን ሊመሰክርላት?

«የሾርባው ትራፊ የት ገባ?» አላት።

«ግማሹ ድስቱ ውስጥ ቀረ፤ ከሳህናቸው የተረፈውን ለአምስቱ ዶሮዎች ሰጠሁ።»

«ለጽጌረዳዋስ?»

«ጨው ያለበትን? እትዬ ጨው የነካውን ነገር ለተክል የሰጠ ሰው በጥፊ ነው የሚሉት! ይልቅ ዶሮዎቹን ይጠይቋቸው። እነሱ በልተው እንቁላል ጥለዋል፤ እኔ ግን ታስሬ አድሬያለሁ።»

ተመልሶ ቆጠራቸው። አምስቱም ዶሮዎች ቆሻሻ እየጫሩ ነው። ከዚያ ወደ ሙዙ ሄደ። ብርዝ ብርዝ የሚሸት አንድ ጠርሙስ አፉ ወደ ታች ተደርጎ መሬት ውስጥ ተተክሏል፤ ቀስ እያለ እንዲያንጠባጥብ የተጠቀለለ ወረቀት ተወትፎበታል። በዙሪያው ያለው ሣር ደርቆ ጠቁሯል።

የጓሮው ክፍል ተከራይ ሲሞን በመንግሥት ቡና እርሻ መድኃኒት ረጪ ነው። ሣሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። የአረም መድኃኒት ነው ብሎ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ዞረ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መኪናው በር ላይ ቆመ። መቶ አለቃው ሀጂራን አስመጥቶ ሁሉንም ሙዙ ሥር ሰበሰበ።

«መርዙ ሾርባው ውስጥ ቢሆን ዶሮዎቹ በሞቱ ነበር» አለ። «ጽጌረዳዋ ላይ ሾርባና መርዝ ቀላቅሎ የደፋው የቤቱን ደንብ የማያውቅ ሰው ነው። እሳቸውም ሀጂራም አይደፉትም። ያ ሾርባ የተቆለፈ ማጀት ውስጥ ነበር። ቁልፉ ከማን እጅ ነው ያልወጣው?»

ዓባይነህ ቁልፉን ማሽከርከር ተወ።

«ሐሙስ ማታ አንድ ሰው ብርዝ ይዞ መጣ። የወባው ኪኒን አፋቸውን አምርሮት ስለነበር መርዙን አላወቁትም። ቀምሰው የቀረውን፣ ጣፋጭ ነውና፣ ለሙዙ ሰጡት። ሰውዬው በኋላ ጠርሙሱን በማጀቱ ሁሉ ፈለገ፤ ትራፊ እዚህ ቤት እንደማይጣል ረሳ።»

ጠርሙሱን ነቅሎ ውታፉን ዘረጋው። የዘማቾች መመዝገቢያ ቅጽ ቅዳጅ ነበር፤ ግማሽ ማኅተም፣ የሊቀመንበሩ ፊርማ፣ የሐሙስ ቀን።

«ሐሙስ የብርዙን ጠርሙስ የወተፍክበት ወረቀት ነው። ወር አልፎኛል ያልከው ይህን በር ነው?»

«ወረቀት ማንም ይሰርቃል» አለ ዓባይነህ።

ሲሞን ድንገት ወደ ፊት ወጣ። «ማክሰኞ ለቀበሌው ግቢ ሣር ብለህ መድኃኒቱን ያስመጣኸኝ አንተ ነህ። ሐሙስም በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ፤ ለታመመ ሰው ብርዝ ነው አልከኝ። ከተነፈስክ ቀጣዩ ዘማች አንተ ነህ አልከኝ፤ ፈራሁ። እትዬ ሲያቃስቱ እየሰማሁ ፈራሁ!»

ዓባይነህ ዞሮ ተፋ። «ለአንዲት አተላ ለቃሚ አሮጊት ነው ይህ ሁሉ?»

«አተላው ነው የያዘህ» አለች ሀጂራ።

ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ፣ አንድ እስረኛ ነው የተባልኩት አለ።

«አንድ ነው» አለ መቶ አለቃው፤ ዓባይነህንም ክንዱን ይዞ አሳፈረው። ቁልፉን ነጥቆ ቤቱን ከፈተና የትምህርት ቤቱን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዶ ለሀጂራ ሰጣት። ማንበብ አትችልም፤ የልጇን ስም በጣቱ አሳያት። ጣቷን እዚያው ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ሦስት ሰዓት። ግን መስካሪዋ...»

«እሳቸውን ዛሬ እንቀብራለን» አለች መዝገቡን በነጠላዋ እየጠቀለለች። «ሰኞ እኔ እቆማለሁ።»