ሳይሄድ የተለቀሰለት ልጅ

«ሆሴዕ መቼ ነው የሚሄደው?»

ይህን ጥያቄ እልፍነሽ በገበያ ትሰማዋለች፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትሰማዋለች፤ በጎልማሶች ትምህርት ክፍል እንኳ አጠገቧ የምትቀመጠው ሴት ፊደል እየጻፈች ጎንበስ ብላ ትጠይቃታለች። ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። ሆሳዕና ውስጥ ዕድሜው ሃያን ያለፈ ወንድ ልጅ ያላትን እናት እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንደ ሰላምታ ሆኗል። ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። ደቡብ አፍሪካ ነዋ! እልፍነሽ ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ትልና ዘንቢሏን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ታዛውራለች።

ቀኑ ጠፍቷት አልነበረም። ደላላው ለባሏ ለማቴዎስ ነግሮታል፤ ሰኞ ማለዳ ነው። ከማቴዎስ ታላቅ ወንድም ከጠና ልጅ ከአሞጽ ጋር አብረው ይወጣሉ። ነገር ግን የዚህ ጉዞ ቀን ለሰው አይነገርም። ጎረቤት ልጁ መሄዱን የሚያውቀው ከሄደ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም የሞተ ዕለት ነው።

እልፍነሽ እሺ ያለችው ደስ ብሏት አይደለም፤ ደክሟት ነው። የቤቷ ቆርቆሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጠና ፎቅ ቆሟል፤ የበኩር ልጁ ከደቡብ አፍሪካ በላከው ገንዘብ የተሠራ ነው። ጠና በረንዳው ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያያቸው አንድም ቀን ሳይናገር አያልፍም።

«የሆሴዕ እናት፣ ዘንድሮም በባልዲ ዝናብ ልትቀበሉ ነው?» ይላታል።

ሆሴዕ በብየዳ ሙያ ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቋል። ሥራ ሲገኝ በሰው ወርክሾፕ በርና አልጋ ይበይዳል፤ ሳይገኝ ደግሞ ቤት ይውላል። አንድ ጊዜ አባቱን «ከገጠሩ መሬት ቁራሽ ሸጠህ የብየዳ ማሽን ግዛልኝ» ብሎት ነበር። ማቴዎስ ተቆጣ። «የአባቴ መሬት ተሸጦ ብረት ይገዛበታል?» አለ። ዓመት ሳይሞላ ያንኑ መሬት ለደላላው ለመክፈል ሸጠው። ልጁ ይህን አይቶ «እናንተ ካላችሁ እሄዳለሁ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ማሽን ሲያነሳ የሰማው የለም።

የመጨረሻው ሳምንት እንዲህ እየቀረበ ሳለ ከተማዋ እንግዶች መጡባት። የከተሞችን ግድግዳ በትልልቅ ሥዕል የሚያስጌጥ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ነው ተባለ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሠዓሊዎች በብረት መወጣጫ ላይ ቆመው ይስሉ ጀመር። አንዱ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ከፎቅ የሚረዝም እንሰት ሣለ። ባጃጆች ለማየት ሲቆሙ መንገዱ ይዘጋል፤ ሹፌሮቹም «ይሄ እንሰት ስንት ቤተሰብ ያበላል?» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

ሉሲያ የምትባል ከብራዚል የመጣች ሠዓሊ ደግሞ የማቴዎስ ቤት ወደ አስፋልቱ የዞረውን ግድግዳ ወደደችው። ሀኒ የምትባል የሰፈር ልጅ ታስተረጉምላታለች።

«ቀለሙ በነጻ ነው?» አለ ማቴዎስ።

«በነጻ ነው፣ ጋሼ» አለች ሀኒ።

«እንግዲያው ጣሪያውንም ትቀባልን!»

በማግስቱ የሠዓሊዋ መወጣጫ አንዱ እግሩ ተሰበረ። ሆሴዕ ከሚሠራበት ወርክሾፕ ማሽን ተውሶ በየደላት። ሉሲያ ቆማ ስታየው ቆየችና በግድግዳው ላይ የምትስለው እርሱን እንደሆነ ተናገረች። ሰው ሳቀ፤ ሆሴዕ አፈረ፤ እልፍነሽ ግን በልቧ «ሲሄድ መልኩ ይቀርልኛል» አለች።

ቅዳሜ ዕለት ሉሲያ የሆሴዕን ፊት ጀመረች። መጀመሪያ ግድግዳውን ነጭ ቀባች፤ ከዚያ በጥቁርና በግራጫ ብቻ ሣለችው። ሥራውን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ስለሆነ ዓይኖቹ ወደ ታች ናቸው። የተዘጉ ይመስላሉ። «ይሄ መሠረቱ ነው፤ ቀለሙ በላዩ ይመጣል» ብላ ሀኒ አጠገቧ ለነበሩት አስረዳች። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ። ሉሲያ ዕቃዋን ሰብስባ «ሰኞ እንጨርሰዋለን» ብላ ሄደች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ በዚያ አለፈ። በከተማችን እንዲህ ያለ የወጣት ፎቶ የት እንደሚታይ የማያውቅ የለም። ከአዲስ አበባ ሬሳ ይዞ በሚመጣው መኪና ግንባር ላይ ይታያል፤ በለቀስተኞች እጅ ይታያል። የማቴዎስን ልጅ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ዓይኖቹን ደፍቶ፣ የቤት ግድግዳ አክሎ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስብ? «ለካ ሄዶ ኖሯል» አለ አንዱ። «ለካ ሞቷል» አለ ሁለተኛው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው እስከ ሞርሲቶ ከተማ ደረሰ።

እልፍነሽ በዚያ ከሰዓት ከትምህርት ትመለስ ነበር። ገና ከመታጠፊያው ላይ ሳለች ለቅሶ ሰማች። ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሯ ላይ ቆመዋል። ከሁሉ በላይ የሚሰማው ከሞርሲቶ በሚኒባስ የመጣችው የታላቅ እህቷ የማራኪ ድምፅ ነበር።

«ሆሴዬ! ሳትሰናበተኝ! ወየው ልጄ!»

እልፍነሽ ጠዋት ልጇን በዓይኗ አይታው ነበር። ቁርስ አቅርባለት ነበር። ይህ ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። ደላላው ከቀኑ ቀድሞ ወስዶት ይሆን? መኪናው ተገልብጦ ይሆን? ደብተሯን እንደያዘች ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እህቷ መጥታ እላይዋ ላይ ወደቀች። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ማንም ምንም አልጠየቀም።

በዚህ መሐል ሆሴዕ ከወርክሾፕ መጣ። እጁ በጥላሸት ጠቁሯል። አሞጽ አብሮት ነበር። ግራ ገብቶት ከኋላ የቆመችውን ሴት ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«እማማ፣ ማን ሞቶ ነው?»

ሴትየዋ ዞር ሳትል «ሆሴዕ ነዋ!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዞራ አየችውና ጮኸች። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ዞረ።

ማራኪ ተነሥታ ሮጠች። ፊቱን ዳሰሰች፣ ጆሮውን ያዘች፤ ሕያው መሆኑን ስታረጋግጥ በነጠላዋ ጫፍ ትመታው ጀመር። «አንተ ባለጌ! ሦስት ሰው ረግጬ ነው ሚኒባስ የገባሁት!» ትለዋለች፤ ትመታዋለች፤ ትስመዋለች። ሰው በእንባው ላይ ሳቀ። ሆሴዕም እየሳቀ፦

«ግዴለም አክስቴ፣ እንባሽን ለሌላ ጊዜ አስቀምጪው» አላት።

ሁሉም ሳቁ። እልፍነሽ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ለሌላ ጊዜ። ነገ ማለዳ ነው የሚሄደው።

ጠና ከፎቁ ወርዶ መጥቶ ነበር። «ተነሺ እንጂ የሆሴዕ እናት! ይሄ እኮ ደግ ምልክት ነው። ሳይሞት የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል» አላት።

«ጋሽ ጠና፣ ዕድሜው እዚሁ ይርዘም» አለች እልፍነሽ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አይሄድም።»

ጠና በሰው ፊት የጉዞው ነገር በመነሣቱ ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለቅሶው አስደንግጦሽ ነው። ነገ ይለቅሻል። እዚህ ቁጭ ብሎ ምን ሊሆን? ዲፕሎማውን ሊበላ ነው?»

«ማሽን ግዙልኝ አለን፤ መሬት አይሸጥም አልነው። ለደላላ ግን ሸጥነው። እዚህ ምንም እንዳይኖረው ያደረግነው እኛው ነን፣ ጋሽ ጠና።»

«የኔ ልጅ ሄዶ ምን ሆነ? ይኸው ቤቱ!»

«ያንተ ደረሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያልደረሱት ልጆች እናቶች ቤት ግን ለቅሶ ደርሰን ተመልሰናል፤ አንተም አብረኸኝ ነበርክ። የማልቀሰው ለሰው ነው እያልኩ ነበር። ዛሬ የራሴን ሰማሁት። ሁለተኛ አልሰማውም።»

ማቴዎስ ጩኸቱን ሰምቶ ከውጭ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ለደላላው የሰጠነው ቀብድ አይመለስም» አለ ቀስ ብሎ።

«አይመለስ።»

«መሬቱም አይመለስም።»

«አውቃለሁ። ከሽያጩ በተረፈው ገንዘብ ማሽኑን እንግዛለት።»

ማቴዎስ ልጁን አየ። ከዚያ በግድግዳው ላይ ያለውን አየ። «እሺ» አለ፤ ወደ ቤት ገባ።

ማራኪ እንባዋን እየጠረገች «እኔም እኮ በመጣሁ ቁጥር መቼ ነው የሚሄደው እያልኩ ሳሳቅቀው ነበር። አፌን በቆረጠው!» አለች።

ያን ጊዜ አሞጽ ወደ እልፍነሽ ጠጋ አለ። «አክስቴ፣ ለፈረንጇ ንገሪልኝ። እኔንም ትሣለኝና ይለቀስልኝ» አላት።

ሰው ሳቀ። ጠናም «አንተ ቀልደኛ!» ብሎ ሳቀ። አሞጽ ግን አልሳቀም። አባቱን እያየ ነበር። አባቱ ሲስቅ አይቶ እርሱም ፈገግ አለ።

ሰኞ ሉሲያ ስትመጣ ሀኒ የሆነውን ነገረቻት። ሠዓሊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ሥዕሉን አጠፋዋለሁ አለች። ሆሴዕ «ተይው፣ ቀለሙን ጨርሺበት» አለ። እስከ ማታ ሠራች። የቆዳ ሽርጡ ቡናማ ሆነ፤ ከብረቱ የሚፈናጠረው ብልጭታ ቢጫና ቀይ ሆነ፤ ፊቱም የሕያው ሰው ፊት ሆነ።

ወገኖቼ፣ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ያለፈለት የለም አንልም። አለ፤ ፎቁ ምስክር ነው። ግን ልጆቻችንን ወደ ጫካና ወደ ኮንቴይነር የሚነዳቸው ደላላው ብቻ አይደለም። ቤት የዋለውን ልጅ በዓይናችን የምንገፋው፣ ለሥራው የነፈግነውን መሬት ለጉዞው የምንሸጠው፣ በየደጁ «መቼ ነው የምትሄደው?» የምንለው እኛ ነን። ልጅ አባቱን ዓይን ዓይኑን ሲያይ አንድ ቃል እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። እናት ወይም አባት ያን ቃል ለመናገር ለቅሶ እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም።

የእልፍነሽ ኑሮ አልተለወጠም። ቆርቆሮው አሁንም ያፈሳል። ማሽኑ ተገዝቷል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ የለም፤ ሲመጣ ደግሞ ሆሴዕ ደጅ ላይ የመስኮት ብረት ይበይዳል። እርሷንም ድካሙ አልለቀቃትም፤ ግን ሲመሽ የስንት ሰው ራት እንደምታቀርብ ታውቃለች።

ሠዓሊዎቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ሆሴዕ ቀረ። አሞጽ ግን በዚያው ሰኞ ማለዳ፣ ሉሲያ ገና መወጣጫዋን ሳትተክል፣ ብቻውን ሄደ።