የጽድ አጥሩ መዘምራን

ተረት ነው ብትሉኝ ደስ ይለኛል። ተረት ቢሆንልኝማ ስለቴን ዛሬውኑ አስገባ ነበር። ግን ሆኗል... በእኔው ቤት ሆኗል።

ደግሞ በጨለማ አይደለም። ባለፈው ሚያዝያ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን ሰባት ሰዓት። ካዛንቺስ። በጠራራ ፀሐይ።

አሉላ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከእጸገነትና ከስምንት ወር ልጃችን ከአርያም ጋር እትዬ ሀብትነሽ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው። ትርፍ ጊዜዬን የሚበላው ግን ካሜራዬ ነው። ወፍ አነሳለሁ። ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን ድንቢጦች።

ሌንሴ ከሩቅ አይስብም። ስለዚህ መጠጋት አለብኝ... በጣም መጠጋት።

ያን ቀን የግቢው ጽድ አጥር ውስጥ ጎጆ አገኘሁ። ሦስት ጫጩቶች ተኝተውበታል። ላባ እንኳን በወጉ አላወጡም።

ቅጠሉ ግን ከለለኝ።

ቤት ገብቼ መቀስ አመጣሁ። አጥሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ክብ ቀዳዳ ከፈትኩ። ቅጠሉ ሲረግፍ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ጎጆው ውስጥ ገባች። እንዴት ያለ ብርሃን መሰላችሁ!

እናትየዋ አናቴ ላይ እየዞረች ትጮሃለች።

"አንዴ ብቻ፣ አሁን እሄዳለሁ" አልኳት።

አልሄድኩም።

ጫጩቶቹ አንገታቸውን አስግገው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ከዚያ ሦስቱም አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ የላቸውም። ከአፍንጫቸው ሥር ሆኜ አነሳኋቸው... ደግሜ አነሳኋቸው... አልጠግብ አልኩ።

ማምሻውን "ትንንሽ መዘምራን" ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ሰው አበደ። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ "ፈጣሪያቸውን ሲያመሰግኑ እዩልኝ" እያሉ ተቀባበሉት። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ከሰዓት አከራያችን እትዬ ሀብትነሽ አጥሩ ጋ ቆመው ጠሩኝ።

"አሉላ፣ ና እስቲ። ይሄን እይልኝ።"

ጫጩቶቹ ደርቀዋል። አፋቸው እንደተከፈተ ነው።

"ፀሐይ ናት የጨረሰቻቸው" አሉ ቀስ ብለው። "ውሃ ውሃ ሲሉ ነው የሞቱት። ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ጥላቸውን የቆረጠባቸው?"

ያኔ ነው የገባኝ። እየዘመሩ አልነበረም።

"እኔ እንጃ እትዬ... ድመት ይሆናል።"

ክቡን ቀዳዳ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ወደ ቤታቸው ገቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጫጩቶቹን አጥሩ ሥር ቀበርኳቸው። መቀሱንም ማየት ስላስጠላኝ አብሬ ቀበርኩት። ፎቶውን ግን አላጠፋሁትም። ላይኩ እየጨመረ ነበር። አፍሬያለሁ... ግን አላጠፋሁትም።

ሰኞ ቀን እጸገነት ቢሮ ደወለችልኝ።

"መጋረጃውን ለምን ከፍተኸው ሄድክ? አርያምን ፀሐይ ፊቷ ላይ ወርዳባት አገኘኋት።"

"እኔ አልነካሁትም።"

"ታዲያ ማን ነው፣ ሰይጣን?"

በነጋታው መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ግጥም አድርጋ ያዘችው። ሰባት ሰዓት ላይ ልታያት ስትገባ ተከፍቷል። መርፌ ቁልፎቹ መስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ተቆልፈው።

"እዚህ ቤት አላድርም፣ በቃ" አለች። ልጅቷን አቅፋ እናቷ ጋ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሄደች። ታክሲ ውስጥ ስትገባ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። የታክሲውን በር ዘጋሁላት።

ረቡዕ ደወለች። ሰባት ሰዓት ነበር። ድምጿ ሹክሹክታ ነው።

"አሉላ... እዚህ መጥተህ ነበር እንዴ?"

"ሥራ ላይ ነኝ እኮ። ምነው?"

"የእማዬ መጋረጃ ተቆርጧል። ክብ ሆኖ... መዳፍ የሚያህል።"

ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ደግሞ መቀሳችን እዚህ ነው ያለው። ከመስኮቱ ውጪ፣ ደፉ ላይ። አፈር በአፈር ሆኗል።"

"እጸገነት... አራተኛ ፎቅ ናችሁ እኮ።"

ወደ መስኮቱ ስትመለስ እርምጃዋ ይሰማኛል።

"አርያምስ? አርያም ምን እየሆነች ነው?"

"ደህና ናት። ፀሐዩ ውስጥ አንጋጣ አፏን ከፍታለች... ማለቴ፣ የምትዘምር ነው የምትመስለው።"

"አንሺያት! ከዚያ አንሺያት! ውሃ ስጫት!"

ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ኮንትራት ታክሲ ይዤ በረርኩ። ፎቶውን መንገድ ላይ አጠፋሁት። እያለቀስኩ።

ስደርስ አርያም እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ሳቀችልኝ። ሐኪምም አያት፣ ምንም የለባትም አለ። ከዚያ ወዲህ መጋረጃ የነካ የለም። ካዛንቺስ አልተመለስንም፤ እዚያው ጎተራ ቀረን። እጸገነትም ተረጋግታለች። እኔ ግን እስከዛሬ አልነገርኳትም።

አሁን ክረምት ነው። ፀሐይ ካየን ቆየን። ይህን የምጽፈው ዶፍ እየዘነበ ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ።

ሰባት ሰዓት ሆነ።

ክብ ብርሃን... መዳፍ የሚያህል... ልጄ ፊት ላይ አረፈ። እጸገነት አይታያትም። ለእኔ ግን በየቀኑ ይታየኛል።

አርያም አንጋጠጠች። አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም።

ውሃ በማንኪያ ይዤ ተጠጋሁ። ውሃው በአገጯ ወረደ። አልዋጠችውም። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።

እጸገነት በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች።

"ውይ ስታምር! ካሜራህን አምጣና አንሳት እንጂ..."