እግር የሌላቸው

ፈቀደ ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ጠባቂ መስሎ ቆሟል። በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በምስጢር ስሙ «ሸማኔ» የሚባለው አለቃው እምሩ በአጠገቡ ሲያልፍ ጥቁር ፌስታል አስጨበጠው።

«ሁሉም አለ?»

«አለ። ፍጠን።»

ፈቀደ ፒያሳ፣ ኢስማኤል ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኖ ከተተከለ ቆይቷል። ፊት ለፊት ፎቁ ላይ የጦር መሣሪያ የሚያሻግረው ሲሞን ቢሮ አለው። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ሁዳ ዛሬ የቢሮውን ሬዲዮ ለጥገና አምጥታለች። ከምሳ በፊት፣ ሬዲዮው በሆዱ የስለላ ማይክ ይዞ ይመለሳል። ማን እንደሚያስገባው ለእምሩ እንኳ አልተነገረም። ከተነቃባት ሁዳ በሕይወት አትወርድም።

ሱቅ ገብቶ ፌስታሉን ፈታ።

ያዘዘው ለማይኩ መሥሪያ የሚሆኑ፣ በቦርዱ ቀዳዳ የሚሾልክ እግር ያላቸውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ነበር። የመጡለት ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ፣ መበየጃ ነጥባቸው ሆዳቸው ሥር የተደበቀ ናቸው። የእጅ መበየጃ አይደርስባቸውም። ከሥራቸው ተሠርቶ ያለቀ ቦርድ ተቀምጧል።

ደወለ። እምሩ ትንሹ ለመደበቅ ይመቻል ብሎ እንደሆነ ነገረው። «ካስቸገረህ ያለቀውን ግጠመው።»

ሙያውን ያስተማረው እምሩ ነው። በእጅ የሚሠራ ሰው የሚያምረውን ሳይሆን እጁ የሚደርስበትን ይምረጥ ይል ነበር። እሱ ይህን አይሳሳትም።

ያለቀውን ቦርድ በአጉሊ መነጽር አየው።

ሁለት አንቴና።

አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ። ሌላው ያለበትን ቦታ እየጠቆመ፣ ተሸካሚው ማን እንደሆነ ለሲሞን የሚያሳብቅ።

«አቤቱ፣ አንተ ታውቃለህ» አለ በልቡ። ከሞተ ቴፕ ላይ ባለ እግሮቹን እየነቀለ ይበይድ ጀመር። እግሮቹ ቀዳዳቸውን አገኙ። ሥራው ግን ወፈረ፣ ክዳኑ እምቢ አለ። ከሬዲዮው አንዱን ድምፅ ማጉያ አውጥቶ ቦታ ሰጠው።

ኢስማኤል ከባንኮኒው ኋላ ያየዋል። «ፈቄ፣ ይህን ሁሉ እግር የምትተክልለት ሊራመድ ነው እንዴ?»

ሁዳ መጣች።

«ጋሼ፣ ዳነ?»

«ድኗል። የሲሞን ሰዎች ሲወርዱ አንቺ ወደ ቢሮው ውጪ።»

ተሸካሚው እሱ መስሏቸው እንዲከተሉት የእምሩን ቦርድ ከባትሪ አገናኝቶ ኪሱ ከተተው፤ ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር ቁልቁል ሄደ። ሁለት ሰዎች ከፎቁ ወረዱ። ተከተሉት።

ሮጠ።

ጆሮው ውስጥ ያለው፣ ከሬዲዮው ማይክ ጋር ያገናኘው ማዳመጫ ድንገት ተንኮሻኮሸ። የሲሞን ድምፅ ነው፤ በስልክ ያወራል። «እምሩ፣ ልጆቼ እየተከተሉት ነው። ጎበዝ።»

ይኸው ቃል በዚያው ቅጽበት የመሥሪያ ቤቱ መቅጃ ውስጥ ገብቷል። እምሩ አበቃለት። ሁዳ አልተነካችም።

ማዳመጫውን አውጥቶ ቦይ ውስጥ ጣለው።

ጠባቧ መታጠፊያ ላይ ደረሱበት። ቦርዱን ከኪሱ አወጡ። ቢሮው ማን ሊያስገባለት እንደነበር ጠየቁት፤ የሁዳን ስም አልሰጣቸውም። ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ ዘርግተው በብረት መቱት፤ ሰው ሲሰበሰብ ትተውት ሸሹ።

ስልኩ ጠራ። ኢስማኤል ነው፤ በሱቁ ቆይታው እንደ ወንድም የሆነለት ብቸኛ ሰው። ሲጠራ፣ ሲጠራ ቆይቶ ዝም አለ። ሲም ካርዱን በግራ እጁ አውጥቶ በጥርሱ ሰበረው።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ የተሰበሩትን ጣቶች እያየች ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ድንጋይ ሲያወርድ እንደወደቀበት ነገራት።

«ስም?»

«እሸቴ።»

«ሥራ?»

«የቀን ሠራተኛ።»

«የቀን ሠራተኛ።»